ስናፕሾት ሲነሳ ሰርቨሩ ቆሞ ሲቀር፦ ሊኑክስ ላይ ዴድሎክን ፈልጎ የመፍታት አሠራር

ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ባክአፑ ይጀምራል። ጥቂት ቆይቶ ድረ ገጹ አልከፍት ይላል፤ ፒንግ ግን ይመልሳል። በኤስኤስኤች ሲገቡ የይለፍ ቃሉን ይቀበልና ጠቋሚው ባዶ መስመር ላይ ብልጭ ድርግም እያለ ይቀራል። ቀድሞ ተከፍቶ በቆየ መስኮት ‹‹አፕታይም›› ቢሉ ሎድ አቬሬጁ (የሚሠሩና ተይዘው የሚጠብቁ ፕሮሰሶች አማካይ ቁጥር) 40ን አልፏል፤ ‹‹ቶፕ›› ደግሞ ሲፒዩው ሥራ ፈትቶ መቀመጡን ያሳያል። ሜሞሪ አላለቀም፣ የዲስክ ስህተትም አይታይም። እነዚህ ምልክቶች አንድ ላይ ከመጡ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ለስናፕሾት (ዲስኩ በአንድ ቅጽበት ያለበትን ሁኔታ ለሚይዝ ቅጂ) ተብሎ ፍሪዝ የተደረገ፣ ማለትም መጻፍ የታገደበት፣ እና ሳይፈታ የቀረ ፋይል ሲስተም ነው።

ይህ መመሪያ የሚመለከተው ኤልቪኤም (የዲስክ ቮልዩሞች ማስተዳደሪያ) ወይም ኬቪኤም (የቨርቹዋል ማሽን ማስኬጃ) ላይ የሚሠሩ የሊኑክስ ሰርቨሮችን ነው። የትእዛዞቹ ስም እንደሚነበበው ተጽፏል፤ ተርሚናል ላይ ግን በላቲን ፊደል ይገባሉ።

መጀመሪያ የመቆለፉን ምክንያት እንይ

ስናፕሾት በሚነሳበት ቅጽበት ግማሹ ተጽፎ ግማሹ የቀረ ዳታ እንዳይያዝ ከርነሉ ፋይል ሲስተሙን ለአፍታ ያቆመዋል። አዲስ ጽሑፍ እንዳይገባ ያግዳል፤ ቀጥሎ ኤምማፕ በተደረጉ (ሜሞሪ ላይ በቀጥታ በተዘረጉ) ፋይሎች በኩል የሚመጣውን ያግዳል፤ ከዚያ ሜሞሪ ላይ የተጠራቀመውን ዲስክ ላይ አራግፎ ጆርናሉን (የፋይል ሲስተሙን የለውጥ መዝገብ) ይዘጋል። ስናፕሾቱ ከተነሳ በኋላ ፍሪዙ ይፈታል። በዚህ መሀል መጻፍ የፈለጉ ፕሮሰሶች ይጠብቃሉ። መጠበቃቸው ጤናማ ነው።

ዴድሎክ (እርስ በርስ በመጠባበቅ መቆለፍ) የሚፈጠረው ፍሪዙን መፍታት ያለበት ፕሮሰስ ራሱ ፍሪዝ የተደረገው ቦታ ላይ መጻፍ ሲያስፈልገው፣ ወይም እዚያ የሚጽፍ ሌላ ፕሮሰስን ሲጠብቅ ነው። ቁልፉን ቤት ውስጥ ረስቶ በሩን እንደ ዘጋ ሰው ይሆናል። የዊንዶውሱ ቪኤስኤስ ፋይል ሲስተሙን ከ10 ሰከንድ በላይ ይዞ አይቆይም፤ የሊኑክሱ ‹‹ኤፍኤስፍሪዝ›› ግን የጊዜ ገደብ የለውም። የሚፈታው ካልመጣ ሳምንትም ቢሆን እንደ ቆመ ይቆያል። ስለዚህ የቆሙትን ፕሮሰሶች መቁጠር ሩቅ አያስኬድም። የሚፈለገው ፈቺው ማን እንደ ነበረና እሱ ራሱ ምን ላይ እንደ ተያዘ ነው።

ደረጃ 1፦ የተከፈተውን የሩት ሼል ይጠብቁ

በሩት የተከፈተ ሼል ካለ አይዝጉት። ባሽ ሲዘጋ የትእዛዝ ታሪኩን ፋይል ላይ ሊጽፍ ይሞክርና እዚያው ይቀራል። የሩት ፋይል ሲስተሙ ወይም ‹‹/ቫር›› ፍሪዝ ከሆነ አዲስ ኤስኤስኤች መክፈትም አይሆንም፤ እያንዳንዱ መግቢያ ‹‹/ቫር/ሎግ›› ስር ያለው የመግቢያ መዝገብ ላይ መጻፍ ይፈልጋል። ‹‹ሱዶ››ም ሎግ ስለሚያደርግ በዚህ ሰዓት አይታመንም።

የቆሙ ፕሮሰሶችን በ‹‹ኪል -9›› አይምቱ። በዲ ሁኔታ (በማይቋረጥ ጥበቃ) ላይ ያለ ፕሮሰስ ምልክቱን ወዲያው አይቀበልም፤ ምልክቱ ግን አይጠፋም፣ ተሰልፎ ይጠብቃል። ፍሪዙ በተፈታባት ቅጽበት ዳታቤዙ ተገድሎ ይወድቃል። ችግሩን ለማቅለል የተደረገው ነገር ችግሩ ከተፈታ በኋላ ሁለተኛ አደጋ የሚሆነው እንዲህ ነው።

ክፍት ሼል ከሌለ የሚቀረው ለከርነሉ በቀጥታ ትእዛዝ የሚሰጥበት የሲስርክ ቁልፍ ነው፦ ኮንሶሉ ላይ አልት፣ ሲስርክና ጄ አንድ ላይ። ማሽኑ ኬቪኤም ላይ ከሆነ ከሆስቱ (ቨርቹዋል ማሽኑን ከሚያስኬደው ኮምፒውተር) በ‹‹ቪርሽ ሴንድ-ኪ›› ሦስቱን ቁልፎች መላክ ይቻላል። ጄ ፍሪዝ የተደረጉ ፋይል ሲስተሞችን በግድ የሚፈታ ፊደል ነው። ኡቡንቱ ላይ ግን ሲስርክ ሲጫን የሚመጣው ዋጋ 176 ነው፤ ጄ የሚያስፈልጋት 64 እዚህ ድምር ውስጥ ስለሌለች ከኪቦርድ ቢጫን ከርነሉ አይቀበልም። ‹‹ከርነል.ሲስርክ››ን አስቀድሞ 240 ወይም 1 ማድረግ ያስፈልጋል፤ ከቆመ በኋላ ይረፍዳል። ሩት ሼል ካለ ግን ይህ ገደብ አይመለከትዎትም። ‹‹/ፕሮክ/ሲስርክ-ትሪገር›› ላይ ፊደሉን በ‹‹ኤኮ›› መጻፍ ሁልጊዜ ይሠራል።

ደረጃ 2፦ ፍሪዝ ነው ወይስ ከሥሩ ዲስኩ ቆሟል?

ሁለቱ ከውጭ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ መድኃኒታቸው ግን የተለያየ ነው። አንድ ቀላል ፈተና ይለያቸዋል። ሁለቱንም ትእዛዞች መጨረሻቸው ላይ የ‹‹እና›› ምልክት (&) ጨምረው ከበስተጀርባ ያስኪዷቸው፤ አለበለዚያ ያለዎት አንድ ሼልም ይያዛል።

አንደኛው በ‹‹ታች›› ትእዛዝ አዲስ ፋይል መፍጠር ነው። ሁለተኛው በ‹‹ዲዲ›› ከአንድ ነባር ፋይል 4096 ባይት ማንበብ ነው፤ ከሜሞሪ ሳይሆን ከዲስኩ እንዲያነብ ‹‹አይፍላግ=ዳይሬክት›› ይጨመርበት።

ማንበቡ አልፎ መጻፉ ከቆመ ፋይል ሲስተሙ ፍሪዝ ሆኗል። ሁለቱም ከቆሙ ችግሩ አንድ እርከን ዝቅ ይላል፤ ወይ ዲቫይስ ማፐሩ (ኤልቪኤም የሚሠራበት የከርነል ክፍል) ሰስፔንድ ተደርጎ ቀርቷል፣ ወይ ዲስኩ ራሱ መልስ አይሰጥም። ለዲቫይስ ማፐሩ ‹‹ዲኤምሴትአፕ ኢንፎ›› ብለው የእያንዳንዱን ቮልዩም ‹‹ስቴት›› መስመር ይዩ። ‹‹ሰስፔንድድ›› የሚል ካለ ምክንያቱን ደረጃ 4 መጨረሻ ላይ፣ አፈታቱን ደረጃ 5 ላይ ይዩ።

ደረጃ 3፦ የቆሙትን ይዘርዝሩ፣ ስታካቸውን ያንብቡ

‹‹ፒኤስ ኤዩኤክስ›› ለብዙዎች የእጅ ልማድ ነው፤ እዚህ ግን አደገኛ ነው። ሙሉውን የትእዛዝ መስመር ለማሳየት የእያንዳንዱን ፕሮሰስ የሜሞሪ መቆለፊያ ይጠይቃል፤ ኤምማፕ የተደረገ ፋይል ላይ ሲጽፍ የተያዘ ፕሮሰስ ካለ ‹‹ፒኤስ›› ራሱ አብሮ ሊቆም ይችላል። አጭሩን ስም ብቻ ይጠይቁ፦ ‹‹ፒኤስ -ኢኦ›› ብለው ፒአይዲ (የፕሮሰሱ ቁጥር)፣ ስታት (ሁኔታው)፣ ደብሊውቻንና ኮም የሚሉትን ዓምዶች። ከዚያ ስታታቸው በዲ የሚጀምሩትን ይለዩ።

ቀጥሎ የእያንዳንዳቸውን ‹‹/ፕሮክ/ፒአይዲ/ስታክ›› በ‹‹ካት›› ያንብቡ፤ ስታኩ ፕሮሰሱ ከርነሉ ውስጥ የትኛው ፈንክሽን ላይ እንደ ቆመ ያሳያል። ሁሉንም በአንዴ ለማየት ደብሊውን ‹‹ሲስርክ-ትሪገር›› ላይ ጽፈው ‹‹ዲሜስጅ›› ይበሉ። ‹‹ጆርናልሲቲኤል››ን አይጠብቁ፤ የሎግ ሰብሳቢው ራሱ ‹‹/ቫር/ሎግ›› ላይ መጻፍ አቅቶት ከቆሙት አንዱ ሊሆን ይችላል። ‹‹ዲሜስጅ›› ከከርነሉ ሜሞሪ ስለሚያነብ ይመልሳል። እዚያው ‹‹ከ120 ሰከንድ በላይ ቆሟል›› የሚል የከርነል ማስጠንቀቂያም ያገኛሉ፤ 120 ሲጫን የሚመጣው ገደብ ነው። ማስጠንቀቂያው ከ10 በላይ ስለማይደገም ዝም ማለቱ ችግሩ ለመቃለሉ ምልክት አይሆንም።

ስታኩ ላይ ሦስት ዓይነት ፕሮሰስ ይገኛል። አብዛኞቹ ‹‹ኤስቢ_ስታርት_ራይት›› ወይም አዲስ ከርነል ላይ ‹‹ፐርሲፒዩ_አርደብሊውሴም_ዌይት›› የሚል መስመር አላቸው። እነዚህ በር ላይ የቆሙ ተራ ጠባቂዎች ናቸው፣ ይለፏቸው። ከነሱ መካከል ‹‹ፍሪዝ_ሱፐር›› የሚል ካለ ግን እሱ ሌላ ነው፤ ፍሪዝ ለማድረግ ጀምሮ መሀል ላይ የተያዘ ነው ማለት ነው፣ ፒአይዲውን ይመዝግቡ። ሦስተኛው ዓይነት ‹‹ሉፕ›› የሚል ስም ያለው፣ ፋይልን እንደ ዲስክ የሚያሠራ የከርነል ሥራ ሲሆን እሱን ካገኙ መልሱ ብዙውን ጊዜ እጅዎ ገብቷል።

ደረጃ 4፦ ክበቡን ይሙሉ

ሀ. በፋይል ውስጥ ያለ ፋይል ሲስተም። ደጋግሞ የሚያጋጥመው ይህ ነው። ‹‹/ቴምፕ››ን ገደብ ለማበጀት ሲባል የሩት ፋይል ሲስተም ላይ የተቀመጠ ባለ 2 ወይም 4 ጊጋባይት ፋይል በሉፕ ዲቫይስ ማውንት ይደረጋል። ውጫዊው ሩት ቀድሞ ፍሪዝ ይሆናል። ከዚያ ተራው የ‹‹/ቴምፕ›› ሲሆን ከርነሉ የተጠራቀመውን ማራገፍ አለበት፤ የሚራገፈው በሉፕ በኩል ወደዚያ ፋይል ነው፤ ፋይሉ ያለው ፍሪዝ በሆነው ሩት ላይ ነው። ሉፑ የሩትን መፈታት ይጠብቃል፣ ፍሪዝ አድራጊው ሉፑን ይጠብቃል፣ ሩትን መፍታት የነበረበት ደግሞ ያው ፍሪዝ አድራጊው ነው። ክበቡ ሞላ።

ለማረጋገጥ ‹‹ሎሴትአፕ -ኤል›› ብለው ‹‹ባክ-ፋይል›› የሚለውን ዓምድ ያንብቡ፤ እያንዳንዱ ሉፕ በየትኛው ፋይል ላይ እንደ ተቀመጠ ይነግርዎታል። ኡቡንቱ ላይ የስናፕ ፓኬጆች ብዙ ሉፖችን ስለሚፈጥሩ ዝርዝሩ ይረዝማል። እነሱ ለንባብ ብቻ ስለሆኑ የሚራገፍ ነገር የላቸውም፤ አያሳስቡዎት።

የኪውኤሙ ጌስት ኤጀንት (ቨርቹዋል ማሽኑ ውስጥ ሆኖ የሆስቱን ትእዛዝ የሚፈጽም ፕሮግራም) ይህን ለመከላከል ማውንቶቹን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ተራ ነው ፍሪዝ የሚያደርጋቸው፤ በኋላ የመጣው ሉፕ ቀድሞ እንዲቆም ነው። ዘዴው ጥሩ ነው፣ ግን ኤጀንቱ የሚያየው በራሱ የማውንት ዝርዝር ውስጥ ያለውን ብቻ ነው። ኮንቴይነር በራሱ የማውንት ክልል ውስጥ የከፈተውን ሉፕ አያየውም።

ለ. ዳታቤዝ በተገላቢጦሽ ተራ። ስክሪፕቱ መጀመሪያ ፋይል ሲስተሙን ፍሪዝ አድርጎ ከዚያ ማይኤስኪውኤልን ‹‹ፍለሽ ቴብልስ ዊዝ ሪድ ሎክ›› ቢለው ትእዛዙ በመጻፍ ላይ ያሉ ጥያቄዎች እስኪያልቁ ይጠብቃል። እነሱ ደግሞ ፍሪዝ ላይ ናቸው። ፖስትግሬስ ላይም ያው ነው፤ ‹‹ፒጂ_ባክአፕ_ስታርት›› (ከ15ኛው ቨርዥን በፊት ‹‹ፒጂ_ስታርት_ባክአፕ›› ይባል ነበር) ቼክፖይንት ስለሚያደርግ፣ ማለትም ሜሞሪ ላይ የተጠራቀመውን ዲስክ ላይ ስለሚያራግፍ፣ ይጽፋል። ተራው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ዳታቤዙ ይቀድማል፣ ፍሪዙ ይከተላል፣ ስናፕሾቱ ይነሳል፣ ፍሪዙ ይፈታል፣ ዳታቤዙ በመጨረሻ ይለቀቃል።

ሐ. ስክሪፕቱ ራሱን ቆልፏል። ውጤቱን ወደ ‹‹/ቫር/ሎግ/ባክአፕ.ሎግ›› የሚመራ ስክሪፕት ‹‹/ቫር››ን ፍሪዝ ካደረገ ቀጣዩ ‹‹ኤኮ›› ላይ ይቀራል። ‹‹ኤፍኤስፍሪዝ -ዩ›› የሚለው መስመር ከሱ በታች ስለሆነ አይደርስም። ለዚህ ሲባል የሩት ፋይል ሲስተሙን በእጅ ፍሪዝ ማድረግ ፈጽሞ አይመከርም።

መ. ኤልቪኤም። ‹‹ኤልቪክሪኤት›› ስናፕሾት ሲያነሳ ፍሪዙን ራሱ ያደርጋል፣ ራሱ ይፈታል። ከሱ በፊት ‹‹ኤፍኤስፍሪዝ›› ወይም ‹‹ኤክስኤፍኤስ_ፍሪዝ›› የሚጨምሩ የቆዩ ስክሪፕቶች ዛሬም በየቦታው ይገኛሉ። ትርፍ ብቻ አይደሉም፤ በቆዩ ከርነሎች ላይ ራሳቸው መቆለፍን ያመጣሉ። መስመሩን ያጥፉት። የኤልቪኤም ሎግ ወደ ፋይል እንዲጻፍ ከተደረገም ፋይሉ ስናፕሾት በሚነሳበት ቮልዩም ላይ እንዳይሆን።

ሲን ቮልዩም (ቦታ ከጋራ ፑል በአስፈለገው መጠን የሚወስድ ቮልዩም) የሚጠቀሙ ከሆነ ‹‹ኤልቪኤስ -ኤ›› ብለው የፑሉን የዳታና የሜታዳታ መቶኛ ይመልከቱ። ፑሉ 100 ከደረሰ ፍሪዙ ሊያራግፍ የፈለገው ዳታ ቦታ አጥቶ ይሰለፋል፤ በተለመደው አቀማመጥ 60 ሰከንድ ጠብቆ ወደ ስህተት ይለወጣል፣ ገደቡ 0 ከተደረገ ግን ማብቂያ የለውም። መድኃኒቱ ቮልዩም ግሩፑ ላይ ነፃ ቦታ ካለ በ‹‹ኤልቪኤክስቴንድ -ኤል +10ጂ›› (ኤሏ ትልቋ ናት) ፑሉን ማስፋት ነው። የድሮው ዓይነት ስናፕሾት ሲሞላ እንዲህ አያቆምም፤ ስናፕሾቱ ብቻ ዋጋ ያጣል፣ ዋናው ቮልዩም ሥራውን ይቀጥላል።

ደረጃ 5፦ መፍታት

ከውጭ ወደ ውስጥ ይፍቱ። ፍሪዝ ሲደረግ ውስጣዊው ይቀድማል፤ ሲፈታ ውጫዊው ይቀድማል። በሀ ምሳሌ ከክፍቱ ሼል ‹‹ኤፍኤስፍሪዝ -ዩ /›› ይበሉ። ሉፑ ወዲያው ይራገፋል፣ ፍሪዝ አድራጊውም ይላቀቃል። ‹‹ኢንቫሊድ አርጉመንት›› የሚል መልስ ከመጣ ያ ፋይል ሲስተም ፍሪዝ አልነበረም ማለት ነው፤ ወደሚቀጥለው ማውንት ይሂዱ። ይህ መልስ ጉዳት ስለሌለው እንደ መመርመሪያም ያገለግላል።

ኬቪኤም ላይ ከሆስቱ ‹‹ቪርሽ ዶምኤፍኤስሶው››፣ ፕሮክስሞክስ (የቨርቹዋል ማሽኖች ማስተዳደሪያ) ላይ ‹‹ኪውኤም ጌስት ሲኤምዲ››፣ ከዚያ የማሽኑ ቁጥር፣ ከዚያ ‹‹ኤፍኤስፍሪዝ-ሶው›› ብለው ይፍቱ። ኤጀንቱ ፍሪዝ ላይ እያለ ከአብዛኛው ትእዛዝ ይታቀባል፤ ሁኔታ መጠየቅና መፍታት ግን ይቀበላል። መልስ ካልሰጠ እሱ ራሱ በዲ ሁኔታ ላይ ነው፤ በደረጃ 3 የመዘገቡት ፒአይዲ የሱ ይሆናል።

አንድ በአንድ መፍታቱ ካልሆነ ጄን ‹‹ሲስርክ-ትሪገር›› ላይ ይጻፉ።

ዲቫይስ ማፐር ሰስፔንድ ሆኖ ከቀረ ‹‹ዲኤምሴትአፕ ሪዙም›› እና የቮልዩሙ ስም። ከዚያ በፊት ሁለት ነገር ይረጋገጥ። አንደኛ፣ ‹‹ኤልቪክሪኤት›› አሁንም በሕይወት ካለ ሥራውን ሊጨርስ ስለሚችል ስታኩን አይተው በእርግጥ መያዙን ይወቁ። ሁለተኛ፣ ‹‹ዲኤምሴትአፕ ኢንፎ›› ላይ ‹‹ቴብልስ ፕሬዘንት›› የሚለው መስመር ‹‹ላይቭ እና ኢንአክቲቭ›› ካለ ሪዙሙ አዲሱን ቴብል ያስገባል፤ ‹‹ዲኤምሴትአፕ ቴብል››ን ከ‹‹ኢንአክቲቭ›› አማራጭ ጋር ጠይቀው ምን እንደሚገባ አስቀድመው ያንብቡ።

ሁሉም ካልሆነ ቢ የምትለዋን ፊደል ‹‹ሲስርክ-ትሪገር›› ላይ መጻፍ ማሽኑን እንደገና ያስነሳዋል። ከሱ በፊት ‹‹ሲንክ›› ለማለት አይሞክሩ፣ ይቆማል። ሙሉ በሙሉ ፍሪዝ የሆነ ፋይል ሲስተም ጆርናሉን ዘግቶ ስለተቀመጠ ዲስኩ ላይ ያለው ወጥ ነው፤ የሚጠፋው በር ላይ ሲጠብቅ የነበረው ጽሑፍ ነው።

ፍሪዙ በግድ ሲፈታ በመነሳት ላይ የነበረውን ስናፕሾት ይሰርዙት። ፍሪዙ የተፈታው ስናፕሾቱ ከመጠናቀቁ በፊት ከሆነ ውስጡ ያለው ዳታ መብራት በድንገት ከጠፋበት ዲስክ አይሻልም። እንደ ጥሩ ባክአፕ ተቆጥሮ ከተቀመጠ ጉዳቱ የሚታወቀው ሪስቶር በሚደረግበት ቀን ነው።

ደረጃ 6፦ እንዳይደገም

ፍሪዝ የሚያደርግ ስክሪፕት ሁሉ ከፍሪዙ በፊት የራሱን ፈቺ ከበስተጀርባ ማስነሳት አለበት፦ በቅንፍ ውስጥ ‹‹ስሊፕ 30››፣ ነጠላ ሰረዝ ከነጥብ ጋር፣ ‹‹ኤፍኤስፍሪዝ -ዩ /ኤስአርቪ/ዳታ››፣ ከቅንፉ ውጭ የ‹‹እና›› ምልክት። ዋናው መስመር የትም ቢያዝ ከ30 ሰከንድ በኋላ በሩ ይከፈታል። 30 የበዛ ከመሰለ ስናፕሾቱ ስንት ሰከንድ እንደሚወስድ ለክተው ሦስት እጥፉን ይስጡት። የስክሪፕቱ ሎግ ወደ ‹‹/ዴቭ/ኤስኤችኤም›› ይሂድ፤ ሜሞሪ ላይ ስለሆነ ፍሪዝ አያገኘውም። ፍሪዙ ከተፈታ በኋላ ወደ ቋሚ ቦታው ይቀዳ።

ጌስት ኤጀንት ላይ ሉፕ ያለባቸውን ማሽኖች ሁሉንም ፋይል ሲስተም በጅምላ ከማቆም ይልቅ የሚያስፈልገውን ብቻ ይጥቀሱ፤ ‹‹ቪርሽ ዶምኤፍኤስፍሪዝ›› የ‹‹ማውንትፖይንት›› አማራጭ አለው። ፕሮክስሞክስ ላይ ደግሞ በኤጀንቱ መስመር ‹‹ፍሪዝ-ኤፍኤስ-ኦን-ባክአፕ=0›› ማለት ይቻላል፤ ይህ ሲደረግ ግን የዳታቤዙን ወጥነት በሌላ መንገድ ማስጠበቅ የእርስዎ ኃላፊነት ይሆናል። ከሁሉ የሚሻለው ሉፑን አንስቶ ‹‹/ቴምፕ››ን ወደ ቲኤምፒኤፍኤስ (ሜሞሪ ላይ ወዳለ ፋይል ሲስተም) ወይም ወደ ራሱ ቮልዩም ማዛወር ነው፤ ያኔ ክበቡ የሚሞላበት መንገድ አይኖርም።

ሲን ፑል ካለ ‹‹ኤልቪኤም.ኮንፍ›› ውስጥ ‹‹ሲን_ፑል_ኦቶኤክስቴንድ_ስሬሾልድ››ን 70፣ ‹‹ፐርሰንት›› የሚለውን 20 ያድርጉ። ስሬሾልዱ ሲጫን 100 ስለሆነ፣ ማለትም ጠፍቶ ስለሚመጣ፣ ካልነኩት ፑሉ በራሱ አይሰፋም።

በመጨረሻ ልምምዱን በሙከራ ማሽን ላይ ያድርጉ፤ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ‹‹/ኤስአርቪ›› ለብቻው ቮልዩም ላይ ይሁን። በ‹‹ትራንኬት›› የ1 ጊጋባይት ፋይል እዚያ ይፍጠሩ፣ ኢኤክስቲ4 አድርገው ‹‹/ኤምኤንቲ/ውስጥ›› ላይ በሉፕ ማውንት ያድርጉት። ከዚያ ‹‹ኤፍኤስፍሪዝ -ኤፍ /ኤስአርቪ›› ብለው ወደ ‹‹/ኤምኤንቲ/ውስጥ›› 100 ሜጋባይት በ‹‹ዲዲ›› ከ‹‹ኮንቭ=ኤፍሲንክ›› ጋር ከበስተጀርባ ይጻፉ። ‹‹ዲዲ›› ሳይመለስ ይቀራል። ‹‹ፒኤስ››ን ሲጠይቁ ከዲዲው ጎን የሉፑን ሥራ በዲ ሁኔታ ያዩታል፤ ስታኩ ላይ ያው ‹‹ኤስቢ_ስታርት_ራይት›› ወይም ‹‹ፐርሲፒዩ_አርደብሊውሴም_ዌይት›› አለ። ‹‹ኤፍኤስፍሪዝ -ዩ /ኤስአርቪ›› ሲሉ ዲዲው የጻፈውን መጠንና የፈጀበትን ሰከንድ አትሞ ይጨርሳል፤ የሰከንዱ ቁጥር ፍሪዙ የቆየበትን ጊዜ ይጨምራል።